ለእኔ ብቻ

ዛሬ ሲዘንብ ዋለ። የጅማን ነሐሴ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ቢሮው ጭር ብሏል፣ እኔንም ከጠዋት ጀምሮ ድብርት ይዞኛል። እጄ ሥራ እንዲይዝ ብዬ አንድ የማስታወሻ መጻፊያ ፕሮግራም ልጭን ተነሳሁ።

ኮምፒውተሩ የሦስታችን ነው፤ የእኔ፣ የጋሽ ከ. እና የዘ.። የአድሚን ፓስወርዱ ያለው አይቲው ጋ ነው፣ እሱ ደግሞ እረፍት ወጥቷል። መጫኛውን ስከፍተው ለሁሉም ተጠቃሚ ወይስ ለአንቺ ብቻ ብሎ ጠየቀኝ። ለእኔ ብቻ አልኩት። ያለ ፓስወርድ ተጫነ።

ለሁሉም የሚጫነው «ፕሮግራም ፋይልስ» ውስጥ ነው የሚገባው፤ እዚያ ለመግባት የአድሚን ፈቃድ ይፈልጋል። ለአንድ ሰው የሚጫነው ግን በራሱ አካውንት ሥር፣ «አፕዳታ» በሚባል የተደበቀ ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል። ሁሉም ፕሮግራም ይህን ምርጫ አይሰጥም። የሚሰጠው ግን እንዴት ደስ ይላል! ፎንትም ቢሆን በ2018 እ.ኤ.አ. ከወጣው የዊንዶውስ 10 ማሻሻያ ወዲህ ለራስ ብቻ መጫን ይቻላል።

የአማርኛ ኪቦርዱንም የጨመርኩት በእኔ አካውንት ብቻ ነው። ጋሽ ከ. የሚጽፉት በአፋን ኦሮሞ ነው፣ ለቁቤ የላቲኑ ይበቃቸዋል። ሪፖርት መሀል ሳያስቡት አልትና ሺፍት ነክተው ድንገት «ሀ» ቢመጣባቸው ምን በወጣቸው?

ግን ለእኔ ብቻ ይባል እንጂ ዲስኩ የጋራ ነው። ነገ ዘ. ያንኑ ፕሮግራም ለራሷ ብትጭነው ሌላ ቦታ ይይዛል። የአድሚን ፓስወርድ ያለው ሰው ከፈለገ ፎልደሬን ከፍቶ ያያል። ከዚህ የተቀየርኩ ዕለት አካውንቴ ከነፋይሉ ከተሰረዘ ፕሮግራሙም አብሮ ይሄዳል።

ይሄን ሳወጣ ሳወርድ የእማዬ ሳጥን ትዝ አለኝ። እኛ ቤት ሁሉም ነገር የጋራ ነበር፤ አልጋው፣ ፎጣው፣ ጫማው ሳይቀር። እህቴ ሹራቤን ለብሳ ፈረንጅ አራዳ ስትሄድ እኔ በብርድ እቤት እቀመጥ ነበር። ተቆልፎ የሚኖረው የእማዬ ሳጥን ብቻ ነው። ቁልፉን መቀነቷ ላይ ቋጥራ ነው የምትውለው። ምን አለበት ብሎ የጠየቃት ሰው አላስታውስም።

ልጅ እያለሁ ገንዘብ ይመስለኝ ነበር። ግን ገንዘብ ቢኖርማ የኪራይ ቀን ሲደርስ ጎረቤት ባልተበደረች። ወርቅም አይደለም፣ የነበራትን ወርቅ ለአባዬ ሕክምና ሸጣዋለች። ታዲያ ምን ይሆን? ደብዳቤ? የእናቷ ነገር? ከእኛ በፊት የነበራት ሕይወት?

እሁድ ቡና ላይ ልጠይቃት እያልኩ ነው። አንዴ ከጠየቅኳት ደግሞ እምቢ አትለኝም፣ አውቃታለሁ። ያቺን አንዲት የራሷን ነገር እኔው ልወስድባት ነው ማለት ነው?