የመሬታቸውን ዋጋ ሊቀበሉ የሄዱ ሰዎች

በአሜሪካዋ የሚኒሶታ ክፍለ ሀገር፣ ሴንት ፖል ከተማ ውስጥ የሚኖር ሰው ራምዚ ከሚለው ስም አያመልጥም። የቤት ግብር ማሳወቂያውም የፍርድ ቤት መጥሪያውም ይህንኑ ስም ይዞ ይመጣል፤ ከተማዋ ያለችበት ካውንቲ የተሰየመው በ1849 (ዓመታቱን፣ ወራቱንና ቀኖቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የሚኒሶታ ግዛት የመጀመሪያ ገዥ ሆኖ በተሾመው በአሌክሳንደር ራምዚ ነውና። ሰሞኑን ስለ ሰውየው ዘመን ሳነብ ሰነበትኩ፤ ከዚያ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ግን ሐሳቤ ደጋግሞ የሚመለሰው ሳንዲ ሌክ በሚባል አንድ ሐይቅ ዳር በ1850 መጨረሻ ወደሆነው ነገር ነው።

ከአሜሪካ ቀደምት ነዋሪዎች አንዱ የሆነው የኦጂብዌ ሕዝብ በ1837 እና በ1842 በተፈረሙ ሁለት ውሎች ዛሬ ሰሜን ዊስኮንሲን፣ ምሥራቃዊ ሚኒሶታና የሚሺጋን ሰሜናዊ ክፍል የሚባሉትን ሰፋፊ አገሮች ለአሜሪካ መንግሥት ለቅቋል። መንግሥት የፈለገው በመጀመሪያ ጥዱን፣ ቀጥሎም በሱፔሪየር ሐይቅ ዳርቻ ያለውን መዳብ ነበር። በ1837ቱ ውል መሠረት ለ20 ዓመት በየዓመቱ 9,500 ዶላር በጥሬ ገንዘብና 19,000 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ ሊከፈላቸው፣ በለቀቁትም መሬት ላይ ማደን፣ ዓሣ ማጥመድና በሐይቆቹ ላይ የሚበቅለውን የዱር ሩዝ መሰብሰብ እንዳይከለከሉ ተስማሙ። ለነጋዴዎች አለባችሁ ለተባሉት ዕዳ ደግሞ በዚያው ውል 70,000 ዶላር ተመደበ፤ ነጋዴው ድርሻውን ለማግኘት ሃያ ዓመት መጠበቅ አላስፈለገውም። ይህን ክፍያ እስከ ዛሬ እንደ ምጽዋት የሚቆጥር ሰው አጋጥሞኛል። ክፍያው ግን የተሸጠ መሬት ዋጋ ነው፤ በየዓመቱ እየተቆረጠ የሚከፈል፣ ገዢው የፈረመበት ዕዳ።

ገንዘቡ ይከፈል የነበረው በዊስኮንሲን በኩል፣ በሱፔሪየር ሐይቅ ውስጥ ባለችው በማዴሊን ደሴት፣ ላ ፖይንት በሚባለው ሰፈር ነበር። በ1850 የካቲት ፕሬዚዳንት ዛካሪ ቴይለር ኦጂብዌዎቹ ከለቀቁት መሬት እንዲነሡ አዘዘ። ሕዝቡ በጄ እንደማይል የታወቀ ስለሆነ ራምዚና ጆን ዋትረስ የሚባለው የመንግሥት ወኪል ሌላ ዘዴ ዘየዱ። የክፍያው ቦታ ወደ ምዕራብ፣ ሚሲሲፒ ወንዝ አጠገብ ወዳለው ሳንዲ ሌክ ይዛወራል፤ ቀጠሮውም በጥቅምት መጨረሻ ይሆናል። ክፍያው በነፍስ ወከፍ ስለሆነ አባወራው ልጆቹንና አሮጊት እናቱን ይዞ ካልመጣ አይቆጠሩለትም። ውሃው በረዶ ሆኖ ከረጋ በኋላ ደግሞ በታንኳ መመለስ አይቻልም፤ ሳይወዱ በግድ እዚያው ይቀራሉ። በየዓመቱ የሚከፈለውም ገንዘብ፣ እርሱን ተከትሎ የሚመጣው ንግድና ሹመትም ወደ ራምዚ ግዛት ይዞራል።

ቢያንስ 3,000 ሰው በቀጠሮው መጣ። የሚቀበላቸው አልነበረም። ዋትረስ ገንዘቡን ፍለጋ ሄዷል፤ የተሰጣቸው ዱቄትና የአሳማ ሥጋ የተበላሸ ነበር፤ በዚያ ዓመት ውሃው ሞልቶ የዱር ሩዙን ስላጠፋው ከሐይቁም የሚገኝ ነገር አልነበረም። ተቅማጥና ኩፍኝ ገባባቸው። ዛሬ ነገ ሲባሉ ስድስት ሳምንት ያህል ቆዩ። ወኪሉ በኅዳር ማገባደጃ ሲመጣ ጥሬ ገንዘቡን አልያዘም ነበር፤ የደረሳቸው ጥቂት ዕቃና የጥቂት ቀን ስንቅ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ውሃው በረዶ ሆኖ ስለረጋ ታንኳቸውን ትተው በበረዶ ላይ በእግራቸው ወደየአገራቸው ተመለሱ፤ በሐይቁ ዳርና በመንገድ የሞቱት በድምሩ 400 ያህል ሲሆኑ የሚበዙት የወደቁት በመንገድ ላይ ነው።

ባለፈው ኅዳር ወደዚያ ሄጄ ነበር፤ ከሴንት ፖል በመኪና ወደ ሰሜን ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ያስኬዳል። ከግድቡ አጠገብ ካለው መዝናኛ ስፍራ የመታሰቢያው ድንጋይ ቆሟል፤ በበጋ ጎሣዎቹ እየመጡ በታንኳ ሐይቁን ተሻግረው ሙታናቸውን ያስባሉ። እኔ በሄድኩበት ቀን ሰው አልነበረም፤ የሐይቁ ዳር ዳር መርጋት ጀምሯል። ካፖርት ደርቤ፣ ወፍራም ቦቲ ጫማ አድርጌ ጥቂት እንደቆምኩ የእግሬ ጣቶች ደነዘዙ። ከኢትዮጵያ ለመጣ ሰው ይህ ብርድ በቃል የሚነገር አይደለም፤ የታመመ ሕፃን ታቅፎ በዚህ ውስጥ ስድስት ሳምንት መጠበቅ ምን እንደሆነ ግን ያን ቀን በመጠኑ ገባኝ። ነገ ተመለሱ እየተባለ በየቢሮው በር የተንገላታ ሁሉ የዚህን ጉዳይ ጠባይ ያውቀዋል። ጥይት ሳይተኮስ፣ ማንም ገዳይ ሳይባል ሰው ያልቃል።

እነርሱ ግን ገዳዩን በስሙ ጠርተውታል። የሊች ሌኩ አለቃ ኤሽኪባጊኮንዥ፣ ፈረንጆቹ ፍላት ማውዝ የሚሉት፣ ስለጠፉት ልጆች፣ ስለበሽታውና ስለረሃቡ ተጠያቂው ራምዚ ራሱ እንደሆነ መልእክት ላከበት። የላ ፖይንቱ አለቃ ኬቼዋይሽኬ ደግሞ ዕድሜው ዘጠና ገደማ ሆኖ ሳለ በ1852 ጸደይ በታንኳ ተነሣ። በመንገዱ ላይ በሐይቁ ዳር ያሉ ነጮች ሳይቀሩ የሕዝቡን መነቀል በመቃወም ፈረሙለት። ዋሽንግተን ደርሶ ፕሬዚዳንት ፊልሞርን አነጋገረ፤ ትእዛዙ ተሻረ፣ ክፍያውም ወደ ላ ፖይንት ተመለሰ። በ1854 በተፈረመው ውል ሕዝቡ በገዛ አገሩ የሚኖርበት መሬት ተከለለለት፤ ሽማግሌው በማግስቱ ዓመት ዐረፈ።

ራምዚ ከዚህ ትምህርት አግኝቷል ማለት በወደድኩ ነበር። ከሳንዲ ሌኩ እልቂት 12 ዓመት በኋላ፣ እርሱ የሚኒሶታ አስተዳዳሪ ሆኖ ሳለ፣ የኦጂብዌዎቹ ጎረቤቶችና የቆዩ ባላንጣዎች የሆኑት ዳኮታዎችም የመሬታቸው ክፍያ ዘገየባቸው። መጋዘኑ ምግብ እያለው ገንዘቡ እስኪመጣ ተብሎ ተዘጋባቸው፣ ተራቡ፣ በመጨረሻም ተነሡ። 71,000 ዶላር የሚያህለው ወርቅ ፎርት ሪጅሊ ወደሚባለው የጦር ሰፈር የደረሰው ጦርነቱ በተቀጣጠለበት ቀን፣ ነሐሴ 18 ቀን 1862 ነው። ራምዚ በመስከረም ዳኮታዎች ወይ መጥፋት ወይ ከግዛቱ ለዘለዓለም መባረር አለባቸው ሲል ተናገረ። በታኅሣሥ 26 ማንኬቶ ከተማ ላይ 38 የዳኮታ ሰዎች በአንድ ጊዜ ተሰቀሉ፤ 1,600 ያህል ሰው፣ አብዛኛው ሴት፣ ሕፃንና ሽማግሌ፣ ያን የበረዶ ወቅት የአውሮፕላን ማረፊያችን ጎረቤት በሆነው በፎርት ስኔሊንግ ሥር ታጉሮ አሳለፈ። ሰውየው ከዚያ በኋላ ሴናተር፣ ኋላም የጦር ሚኒስትር ሆኗል። ሚኒያፖሊስ ውስጥ በስሙ ይጠራ የነበረ አንድ ትምህርት ቤት በ2017 ስሙን ቀይሯል፤ ካውንቲው ግን እንዳለ ነው።

የ1850ው ትእዛዝ ወረቀት ሥራውን የጨረሰ ይመስለኝ ነበር። በ1990ዎቹ የሚሌ ላክስ ኦጂብዌዎች በ1837ቱ ውል ዓሣ የማጥመድ መብታችን ይከበር ብለው ሲከራከሩ ሚኒሶታ ያንኑ የቴይለር ትእዛዝ አንሥታ መብቱ ያኔ ቀርቷል አለች። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1999 ፕሬዚዳንቱ ሕዝቡን የማንሣት ሥልጣን አልነበረውም፣ ስለዚህ ትእዛዙ መብቱን አላስቀረውም ብሎ ፈረደላቸው። ከዘጠኙ ዳኞች አምስቱ ተስማሙ፤ አራቱ ተቃወሙ።