ከብሎክ ወደ ክፍል፦ የማይንክራፍት ዓለም ማስተካከያ ፕሮግራሜን ያሻሻልኩበት መንገድ

ሰፊ መሬት በአንድ ትእዛዝ ለመደልደል ወይም አንድን ሕንፃ ወደ ሌላ ቦታ ለመገልበጥ ብዬ የጻፍኩት፣ በብሎኮች የሚገነባውን የማይንክራፍት ጨዋታ ዓለም የሚያስተካክል ፕሮግራም ለትንንሽ ሥራዎች ያለ እንከን ያገለግል ነበር፤ ሰፋ ያለ ቦታ ሲመረጥ ግን ሜሞሪውን ጨርሶ ይቆማል። መጀመሪያ ጥፋቱ የፕሮግራሚንግ ቋንቋው መስሎኝ ነበር። ብዙ ከደከምኩ በኋላ ግን ችግሩ ዓለሙን ጨዋታው በሚያስቀምጥበት መልክ ሳይሆን ተጫዋች በሚያይበት መልክ መያዜ እንደሆነ ተረዳሁ።

ተጫዋች የሚያየው ብሎክን፣ ማለትም ዓለሙ የተሠራበትን ኩብ ነው። የጨዋታው የጃቫ እትም (በጃቫ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ የተጻፈው) ፋይሎች ግን ዓለሙን 16 በ16 ብሎክ ስፋት ወዳላቸው ቸንኮች፣ ቸንኩንም 16 ብሎክ ቁመት ወዳላቸው ክፍሎች ይከፋፍሉታል፤ በመሆኑም አንድ ክፍል 4,096 ብሎኮችን ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ2021 ከወጣው እትም 1.18 ወዲህ የዋናው ዓለም ቁመት 384 ብሎክ ስለሆነ፣ 1,024 ቸንኮችን የሚይዘው አንድ ፋይል ከ100 ሚሊዮን በላይ ብሎኮችን ይወክላል፤ በክፍል ሲቆጠር ግን 24,576 ብቻ ነው። የእኔ ፕሮግራም የሚለፋው በመጀመሪያው ቁጥር ልክ ነበር።

እያንዳንዱ ክፍል በውስጡ ያሉትን የብሎክ ዓይነቶች ስም ዝርዝር ይይዛል፤ ለእያንዳንዱ ብሎክ ደግሞ ከዝርዝሩ የትኛው እንደሆነ የሚያመለክት ቁጥር ይመዘገባል። ክፍሉ በአንድ ዓይነት ብሎክ ብቻ ከተሞላ፣ በአዲሶቹ እትሞች የቁጥሮቹ ሰንጠረዥ ጭራሹን አይጻፍም። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ በምርጫው ውስጥ የወደቀን ክፍል ለመሙላት አንድ ስም መጻፍ በቂ ሆነ፤ በምርጫው ጠርዝ ላይ ያሉትን ክፍሎች ብቻ አንድ ጊዜ ፈትቼ፣ ብሎኮቹን ቀይሬ፣ መልሼ አሽጋቸዋለሁ። ፕሮግራሙን ያፈጠነው በዋናነት ይህ ነው።

ከሁሉ በላይ የፈተነኝ ግን ፍጥነቱ አልነበረም። በሙከራ ዓለሞቼ ላይ ሁሉም ነገር ትክክል ሆኖ ሳለ፣ ብዙ ዓይነት ጌጥ ያለበትን አንድ የቆየ ቤት ስገለብጥ ግድግዳው ተበታትኖ ወጣ። ምክንያቱን ያገኘሁት ቁጥሮቹን በወረቀት ላይ ቆጥሬ ነው። የብሎክ ቁጥሮቹ በ64 ቢት ቃላት (እያንዳንዳቸው 64 የ0 ወይም የ1 አሃዞችን በሚይዙ የሜሞሪ ክፍልፋዮች) ውስጥ ታጭቀው ይቀመጣሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ከወጣው 1.16 በፊት አንድ ቁጥር በሁለት ቃላት ተከፍሎ ሊቀመጥ ይችል ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን አይከፈልም፤ በቃሉ መጨረሻ የሚተርፈው ቦታ ባዶ ይቀራል። ዝርዝሩ እስከ 16 ዓይነት ድረስ ከሆነ እያንዳንዱ ቁጥር 4 ቢት ስለሚወስድ በሁለቱም አሠራር 256 ቃላት ይሆናል፤ ልዩነት የለም። 17ኛው ዓይነት ሲጨመር ግን ቁጥሩ 5 ቢት ይፈልጋል፤ በአሮጌው አሠራር 320፣ በአዲሱ 342 ቃላት ይሆናል። የሙከራ ዓለሞቼ ሜዳና ድንጋይ ብቻ ስለነበሩ ከ16 ዓይነት አልፈው አያውቁም ነበር።

በዚያ ላይ ጨዋታው አሮጌ ቸንክን የሚያሻሽለው ሲከፍተው ብቻ ስለሆነ፣ በአንድ ዓለም ውስጥ ሁለቱም አሠራሮች ጎን ለጎን ሊገኙ ይችላሉ። ስለዚህ እትሙን ከዓለሙ መረጃ ማንበቤን ትቼ ከእያንዳንዱ ቸንክ የእትም ቁጥር ማንበብ ጀመርኩ፤ ለሙከራም ሆን ብዬ ብዙ ዓይነት ብሎኮች የተቀላቀሉባቸውን ክፍሎች አዘጋጀሁ።

የሣጥኖች ይዘት ከብሎኩ ተለይቶ ከነመገኛ ቦታው እንደሚመዘገብም ሳልረሳ መሥራት ነበረብኝ፤ ሣጥን ሲገለበጥ መዝገቡ አዲሱን ቦታ ካልያዘ የተጫዋቹ ዕቃ ይጠፋል። የመቀልበሻ ትእዛዙን ደግሞ ከሁሉም ይልቅ ቀላል አደረግሁት፦ ቸንኩ ከመነካቱ በፊት የተጨመቀውን መረጃ እንዳለ አስቀምጣለሁ፤ ሲቀለበስም ሳልፈታው መልሼ እጽፈዋለሁ።

ይህ መቀልበሻ እንስሳትንና ሌሎች ተንቀሳቃሽ ፍጥረታትን ገና አይመልስም፤ ከ1.17 ወዲህ የሚቀመጡት በሌላ ፋይል ስለሆነ። አሁን እየሠራሁ ያለሁት ሁለቱ ፋይሎች አንድ ላይ እንዲቀለበሱ ማድረግን ነው።