ሞክሼ ስሞችን እንዴት እንደለየሁ

ደሴ ውስጥ ሰፈራችን ባለች አንዲት ትንሽ የንባብ ክፍል የስም ማውጫ እያዘጋጀሁ ነው። ስለ ወሎ የሚያወሩ መጻሕፍት፣ የቆዩ ጋዜጦችና መጽሔቶች ተሰብስበዋል። ግን ተማሪ መጥቶ አንድ ሰው ወይም አንድ ቦታ ሲፈልግ ከየት እንደሚጀምር አያውቅም። ስለዚህ ስሞቹን በካርድ እየጻፍኩ፣ የትኛው ስም በየትኛው መጽሐፍ ስንተኛ ገጽ ላይ እንዳለ ማሳየት ጀመርኩ። ጊዜዬን የበላው መጻፉ አይደለም፤ ሞክሼው ነው። ስሙ አንድ፣ ባለቤቱ ብዙ የሆነ ስም በየገጹ ሞልቷል። እንዴት እንደለየኋቸውና ምን እንደተማርኩ ልንገራችሁ። የቤተሰብ ታሪክ ለምትጽፉ፣ የእድር መዝገብ ለምትይዙ፣ ዕቃ ለምትልኩም ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

በሰዎች ልጀምር። እቴጌ መነን ሁለት ናቸው። ሁለቱም እቴጌ፣ ሁለቱም መነን፣ ሁለቱም ዘራቸው ከወሎ የሚመዘዝ። የመጀመሪያዋ መነን ሊበን ናቸው፤ የትንሹ ራስ አሊ እናት፣ በዘመነ መሳፍንት ማብቂያ ላይ ጎንደር ተቀምጠው ያስተዳድሩ የነበሩ፣ በኋላ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ከሆኑት ከደጃች ካሣ ጋር ተዋግተው የተማረኩ። ሁለተኛዋ መነን አስፋው ናቸው፤ የአምባሰሉ ጃንጥራር አስፋውና የወይዘሮ ስህን ሚካኤል ልጅ፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ባለቤት፣ በ1954 ዓ.ም. ያረፉት። በሁለቱ ሞት መካከል መቶ ዓመት ገደማ አለ። ጸሐፊዎቹ ግን ብዙ ጊዜ "እቴጌ መነን" ብለው ያልፋሉ፤ እነሱ ስለ የትኛዋ እንደሚያወሩ ያውቃሉና። ገና ታሪክ የሚጀምር ልጅ ግን ከየት ያውቃል?

እዚህ ላይ ያወጣሁት ደንብ የአባት ስም መጨመር ነበር። መነን ሊበን፣ መነን አስፋው። ጥሩ ሠራ፤ ካሣ እስኪመጣ ድረስ።

ካሣ ኃይሉ የቋራው ናቸው፤ በ1847 ዓ.ም. ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ነግሠው በ1860 ዓ.ም. እዚሁ እኛ አገር መቅደላ ላይ የሞቱት። ካሣ ምርጫ የትግራዩ ናቸው፤ በ1864 ዓ.ም. አጼ ዮሐንስ አራተኛ የሆኑት፣ በ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳን ጉባኤ የጠሩት፣ ደሴንም በስሟ የጠሩት እሳቸው ናቸው የሚባልላቸው። እነዚህን ሁለቱን የአባት ስም ይለያቸዋል። ማዕረግ ግን አይለያቸውም፤ ከመንገሣቸው በፊት ሁለቱም "ደጃዝማች ካሣ" ነበሩ። ከዚያ ሦስተኛው መጡ፦ ልዑል ራስ ካሣ ኃይሉ፣ በ1928 ዓ.ም. በጣልያን ወረራ ጊዜ በሰሜን ግንባር የዘመቱት። እንግዲህ ካሣ ኃይሉ እና ካሣ ኃይሉ። የአባትም ስም ሞክሼ ሆነ ማለት ነው።

ስለዚህ ካርዱ ላይ አራት ነገር በአንድ መስመር መጻፍ ያዝኩ፦ ስም ከነአባት፣ አገር፣ ዘመን፣ የቅርብ ዘመድ። "ካሣ ኃይሉ፣ ቋራ፣ በኋላ ዳግማዊ ቴዎድሮስ፣ እስከ 1860 ዓ.ም." ይላል አንዱ ካርድ። ዘመድ ለምን አስፈለገ ለምትሉኝ፣ የቆየ ጽሑፍ ላይ ዓመተ ምሕረት ሳይኖር ዘመድ ይገኛል። "የሴት ልጃቸው ባል"፣ "ወንድማቸው ደጃች እገሌ" የምትል ቁራጭ ሐረግ ስንት ጊዜ ሰውን እንደለየችልኝ!

ተቃራኒው ችግርም አለ። ሰውየው አንድ፣ ስሙ ሁለት። ንጉሥ ሚካኤል በ1870 ዓ.ም. ክርስትና ከመነሳታቸው በፊት መሐመድ አሊ ነበሩ። ከዚያ በፊት ስለነበረው ጊዜ የሚጽፍ ሰው መሐመድ አሊ ይላቸዋል፣ ከዚያ ወዲህ ያለውን የሚጽፈው ራስ ሚካኤል፣ ከ1906 ዓ.ም. በኋላ ያለውን የሚጽፈው ንጉሥ ሚካኤል። ሦስት ካርድ ሠርቼ፣ ሁለቱ ወደ ሦስተኛው እንዲመሩ አደረግኩ፦ "መሐመድ አሊ፣ የወረ ሂመኖው፦ ንጉሥ ሚካኤልን ተመልከት" እያልኩ። ማንም ስሙን በሚያውቀው በኩል ገብቶ ሰውየው ጋ ይደርሳል።

መሐመድ አሊ ካልኩ አይቀር፣ ከሁሉ በላይ ያስተማረኝን ነገር ላውራ። የእድራችን ጸሐፊ የሆኑ አባት አሉ። ዕድሜያቸው የገፋ ነው፣ መዝገቡን ለረጅም ዘመን የያዙት እሳቸው ናቸው። ደሴ ላይ መሐመድ አሊ፣ ሰይድ መሐመድ፣ ሁሴን አህመድ የሚባል ሰው ምን ያህል እንደሆነ የደሴ ልጅ ያውቃል። እሳቸው ሲከፍሉና ሲያስከፍሉ እንዴት ሳይምታታባቸው እንደኖሩ ጠየቅኳቸው።

"አብሽር ልጄ" አሉኝ። "ስም ብቻውን ማንን ይነግርሃል? የማን ልጅ፣ የየት ሰፈር፣ ማንን አገባ ብለህ ጠይቅ። ሦስቱን ከመለሰልህ አትስተውም።"

መዝገቡን አሳዩኝ። ከየስሙ ጎን በቀጭን እስክሪብቶ "የሸዋ በሩ"፣ "ሾፌሩ"፣ "የሰኞ ገበያው"፣ "ወፍጮ ቤት ያለው" እየተባለ ተጽፏል። ስሙ በወጉ ከነአያት በሌላ ዓምድ አለ፤ ሰውየውን የሚያስለየው ግን ያ የጎን ጽሑፍ ነው። አየት አድርጌ ነው የገባኝ። ሰዋችን በአፉ ሲያወራ ሞክሼን ዘወትር ይለያል። "ትልቁ ራስ አሊ፣ ትንሹ ራስ አሊ" ያለው እኮ ይኸው ሕዝብ ነው። ወደ ጽሑፍ ስንሄድ ግን ያቺን ቅጥያ እንደ ተራ ወሬ ቆጥረን እንጥላታለን፤ ስሙን ብቻ አጽድተን እንጽፋለን። ያኔ ነው የሚጠፋው። ለሕያዋን አሁን ፋይዳ የሚባለው ዲጂታል መታወቂያ አለ፣ 12 አኃዝ ያለው ቁጥር፣ ሞክሼ የለበትም። የሞተን ሰው ግን ቁጥር አይለየውም፤ የሚለየው ያቺ ቅጥያ ናት። ከዚያ ወዲህ አንድም የአፍ ቅጥያ ሳልጽፍ አላልፍም።

ወደ ቦታ ስም እንሂድ፣ ይሄኛው በገንዘብም ያስከፍላል። ኮምቦልቻ፣ እኛ የምናውቃት፣ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁል ወርዳችሁ የምታገኟት የፋብሪካ ከተማ ናት። ምሥራቅ ሐረርጌ ውስጥ፣ ከሐረር በስተሰሜን ደግሞ ሌላ ኮምቦልቻ አለች። ኮምቦልቻ ሱቅ ያለው አንድ ወዳጄ ከድሬዳዋ ዕቃ አዘዘ። የላከው ሰው ካርቶኑ ላይ "ኮምቦልቻ" እና ስልክ ቁጥር ብቻ ጻፈ፤ ዕቃው ቅርብ ወዳለችው ወደ ሐረርጌዋ ሄደ። ለድሬዳዋ ሰው ኮምቦልቻ ማለት እሷ ናታ! ወዳጄ የመመለሻውን ሁለተኛ ሒሳብ ከፈለ። ይሄን ስሰማ አንድ ነገር ቆረጥኩ፦ "ዋናዋ" የሚባል ነገር ማውጫዬ ውስጥ አይኖርም። አንዳንድ ሰው "የኛዋ ታዋቂ ስለሆነች ቅጥያ አያስፈልጋትም" ብሎኛል። አልተቀበልኩም። ሁለቱም እኩል ቅጥያ አላቸው፦ ኮምቦልቻ፣ ደቡብ ወሎ፤ ኮምቦልቻ፣ ምሥራቅ ሐረርጌ። ታዋቂነት አንባቢው በቆመበት ይወሰናል፤ እዚያ የተወለደ ልጅ አገሩን ቅርንጫፍ አድርገን ስንጽፍበት ልክ አይሆንም።

ስሙ ለምን ይደገማል? ኮምቦልቻ በኦሮምኛ እኛ አጣጥ የምንለው ዛፍ ነው፤ ዛፉ ያለበት ብዙ ነው። የገበያ ቀንም እንዲሁ ነው። ሸዋ ሮቢት አለች፣ ቆቦ በኩል ሮቢት አለች፣ ባሕር ዳር አካባቢም ሮቢት አለች፤ ሮብ ገበያ የሚቆምበት አገር አንድ ብቻ አይደለማ። የታቦትና የመጽሐፍ ቅዱስ ስምም ይደጋገማል፤ ደብረ ብርሃን ከተማ ናት፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ደግሞ ጎንደር ያለ ቤተ ክርስቲያን ነው። ፒያሳና አራዳማ አዲስ አበባም አለ፣ እኛም ጋ አለ። ስለዚህ በዛፍ፣ በገበያ ቀን ወይም በታቦት የተጠራ ቦታ ሲያጋጥመኝ "ሌላም ይኖራል" ብዬ ነው የምነሳው፤ አለመኖሩን ሳረጋግጥ ብቻ አንድ ካርድ ይበቃዋል።

ቦረና ላይ ደግሞ አንድ ዘዴ አገኘሁ። የምታግዘኝ ተማሪ ጋዜጣ ይዛ መጣችና "ጋሼ፣ ይሄ ድርቅ የኛው ቦረና ነው?" አለችኝ። ደቡብ ወሎ ውስጥ መካነ ሰላምን ዋና ከተማው ያደረገ ቦረና ወረዳ አለ። በደቡብ ኢትዮጵያ ጫፍ፣ ያቤሎን ዋና ከተማው ያደረገ ቦረና ዞን አለ። ጋዜጣው የቱ እንደሆነ አልጻፈም። "ጎረቤቶቹን ፈልጊ" አልኳት። ሁለት መስመር ዝቅ ብላ ሞያሌ የሚል አገኘች፣ አለቀ። ሳይንት ወይም ወግዲ ቢል ኖሮ የኛው ነበር። ቦታ ብቻውን አይጠራም፤ አጠገቡ ያለ ስም ይመሰክርለታል።

ውጫሌ ላይ ጎረቤትም ዓመተ ምሕረትም አስፈልጎኛል። ውሉ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመባት ውጫሌ አምባሰል ውስጥ ያለችው ናት። ሰሜን ሸዋ፣ ኦሮሚያ ውስጥ፣ ሙከ ጡሪን ዋና ከተማው ያደረገ ውጫሌ የሚባል ወረዳም አለ። ከዚህ በላይ አንዱ መጽሐፍ 1881 ይላል፣ ሌላው 1889፤ ሁለተኛው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። የማያውቅ ልጅ ሁለት ውል ነው ብሎ ሊጽፍ ይችላል። አሁን ካርድ ላይ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. የሌለው ዓመት አላስገባም።

ተቋማት ይቀላሉ፣ ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜ ስማቸውን ከማን እንደወረሱ ይታወቃል። ወይዘሮ ስህን ሰው ናቸው፤ የንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ የእቴጌ መነን አስፋው እናት። ደሴ ውስጥ ግን "ስህን" ስንል ትምህርት ቤቱን ነው፤ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጁም በስማቸው ይጠራል። "ስህን ተምሬ" ያለ ሰው ስለ ሰውየዋ አይደለም የሚያወራው። መቅደላ አምባው ነው፣ ወረዳ ነው፣ መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲም ነው፤ የዩኒቨርሲቲው ግቢዎች ግን ቱሉ አውሊያና መካነ ሰላም ናቸው፣ ቴዎድሮስ የሞቱበትን አምባ አይቼ ልማር ብሎ የሚመጣ ተማሪ ይሄን አስቀድሞ ይወቅ። አምባሰል ተራራ፣ ወረዳ፣ የንግድ ድርጅት፣ ከአራቱ የዜማ ቅኝቶች አንዱም ነው። ባቲም እንደዚያው፤ ሰኞ ገበያዋ የታወቀች ከተማ ናት፣ ቅኝትም ናት። በዚህ ጊዜ ከስሙ ቀጥሎ ዓይነቱን ብቻ እጽፋለሁ፦ አምባሰል፣ ተራራ፤ አምባሰል፣ ቅኝት። ዞንና ዓመት መደርደር አያስፈልግም።

ሌላው አድካሚ ነገር ፊደል ነው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ። አንዱ ሐይቅ ይላል፣ ሌላው ሀይቅ፤ አንዱ አሊ፣ ሌላው ዐሊ። መሐመድን መሀመድ፣ ሙሐመድ፣ ሞሐመድ እያሉ ሲጽፉት አይቻለሁ። በፊደል ተራ ብትደረድሩት አንድ ሰው አራት ቦታ ይበተናል፤ ስልክ ላይ ብትፈልጉትም ያው ነው፣ መሣሪያው አንድ መሆናቸውን አያውቅም። እኔ ካርዶቹን ስደረድር ሞክሼ ፊደላቱን እንደ አንድ ቆጥሬ ነው፤ በካርዱ ላይ ግን መጽሐፉ የጻፈበትን አጻጻፍ አልነካም። የሌላ ሰው ጽሑፍ ማረም የኔ ሥራ አይደለም። ይሄን ከመጀመሪያው ባታደርጉ በኋላ ማስተካከል ያሰለቻል፣ እመኑኝ።

ያልተለዩትን የማስቀምጥበት ለብቻው አንድ ሳጥን አለ። መላ ምት እዚያ ውስጥ አይገባም። ምንጩ "ደጃዝማች ካሣ" ብሎ ካቆመና ዘመኑን የሚነግረኝ ምንም ካላገኘሁ፣ "አልተለየም" ብዬ ከነገጹ አስቀምጠዋለሁ። ተማሪዎቹ ቅዳሜ እየመጡ ከዚያ ሳጥን ካርድ እየወሰዱ ዙሪያውን ያነባሉ፣ አያቶቻቸውንም ይጠይቃሉ። "ሮቢት" የምትል አንዲት ካርድ በቅርቡ ወጥታለች፤ ገጹን ገልብጠው ሲያነቡ የቆቦ ገበሬዎች ተጠቅሰው አገኙ። አሁን "ተክለ ሃይማኖት" ላይ ናቸው፤ እሱ ጊዜ ይወስዳል። ጻድቁ አሉ፣ የጎንደር ነገሥታት አሉ፣ ቀድሞ ራስ አዳል የነበሩት የጎጃሙ ንጉሥ አሉ፣ አዲስ አበባም ሰፈሩ አለ።