ዛሬ ለጥቂት ተረፍን

እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሰላም ቤቴ ገብቻለሁ።

ቦታው እዚሁ አሜሪካ፣ የመቆጣጠሪያ ታወር የሌለው ትንሽ ኤርፖርት ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ «ውረድ፣ ቆይ» የሚል ተቆጣጣሪ የለም። አብራሪዎች በአንድ የጋራ ፍሪኩዌንሲ ያሉበትን ይናገራሉ፤ የቀረው በዓይን መተያየት ነው። ብዙዎቹ የአሜሪካ ኤርፖርቶች እንዲህ ናቸው።

ሴስና 172 የምትባል ትንሽ አውሮፕላን ይዤ፣ ለማረፍ ከመሬት 1,000 ጫማ ያህል ከፍ ብዬ በኤርፖርቱ ዙሪያ ዞርኩ። በየመታጠፊያው ቦታዬን ተናገርኩ። ከዚያ ዝቅ እያልኩ ወደ ማኮብኮቢያው መስመር የመጨረሻዋን የግራ መታጠፊያ ከመጀመሬ በፊት ቀኜን አየሁ። ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ከሩቅ በቀጥታ እየተምዘገዘገ መጣ! በሬዲዮ ትንፍሽ አላለም። ወዲያው ወደ ቀኝ ሰብሬ ከኋላው አለፍኩ። የጅራቱን ቁጥር ማንበብ ይቻል ነበር። እግሬ መንቀጥቀጥ የጀመረው ካረፍኩ በኋላ ነው።

ሳይዞሩ በቀጥታ መጥቶ ማረፍ ክልክል አይደለም። ሬዲዮም በእነዚህ ኤርፖርቶች በሕግ ግዴታ አይደለም። ይሄ ነው የሚያናድደኝ። በኦገስት 2022 ካሊፎርኒያ፣ ዋትሰንቪል ላይ ዙር ላይ የነበረች ትንሽ ሴስና እና በቀጥታ በፍጥነት የመጣ ባለ ሁለት ሞተር ተጋጭተው 3 ሰው ሞቷል። እነሱ እንኳ በሬዲዮ ተነጋግረው ነበር። ፍጥነቱ ሲለያይ ንግግሩም አይበቃም።

ማታ ለናሳ የበረራ ደህንነት ሪፖርት ጻፍኩ። ይህ የሪፖርት መቀበያ ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራ ነው። የጻፈውን ሰው ማንነት አጥፍተው ትምህርቱን ብቻ ያወጡታል። የምትበሩ ወገኖቼ፣ እንዲህ ሲገጥማችሁ ጻፉ፣ እባካችሁ።