ለእያንዳንዱ ዘማች አንድ ዛፍ

አውስትራሊያ ውስጥ፣ ከሜልቦርን ወደ ባላራት በሚወስደው መንገድ ባከስ ማርሽ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። የከተማዋ መግቢያ ግራና ቀኙ ትልልቅ የኤልም ዛፍ ነው፤ ቅርንጫፎቹ ከላይ ተገናኝተው መንገዱን አልብሰውታል። ሥራዬ በዚያ በኩል ስለሚያመላልሰኝ ጥላውን እወደው ነበር። ከየግንዱ ሥር የሰው ስም መኖሩን ያየሁት ግን መኪናዬን አቁሜ በእግሬ የሄድኩ ዕለት ነው።

ዛፎቹ 281 ናቸው፤ እያንዳንዱ ለአንድ የአካባቢው ዘማች መታሰቢያ ነው። የተተከሉት እ.ኤ.አ. ኦገስት 10 ቀን 1918፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት ገና ሳያልቅ፣ ጥሩምባ ሲነፋ ሁሉም በአንድ ጊዜ ነው። ባላራት ያለው እንዲህ ያለ የመታሰቢያ መንገድ ደግሞ 22 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ወደ 4,000 የሚጠጉ ዛፎች ተተክለውበታል። ያንን የጀመሩት ሉካስ በሚባል የልብስ ፋብሪካ የሚሠሩ ሴቶች ናቸው። እዚያ ዛፎቹ የቆሙት በማዕረግ ሳይሆን ዘማቾቹ በተመዘገቡበት ቅደም ተከተል ነው። የሞተውም፣ በሕይወት የተመለሰውም ዛፍ አለው። በቱርኩ ጋሊፖሊና በፈረንሳይ የወደቁት ልጆች አስከሬናቸው ወደ አገር ስላልመጣ፣ ለብዙ እናት ሄዳ የምታለቅስበት ቦታ ያ ዛፍ ነበር።

የአያቴ ታላቅ ወንድም በ1928 ዓ.ም. ማይጨው ዘምቶ እዚያው ቀርቷል። የት እንደወደቀ የሚያውቅ የለም። ሰሜን ሸዋ ባለችው ደጋማ ቀበሌያችን እንዲህ ያለ ሰው ያላጣ ቤት ጥቂት ነው። ከማይጨው የተረፉት ከራስ አበበ አረጋይ ጋር በየዱሩ አምስት ዓመት ተዋግተዋል፤ ከክብር ዘበኛ ወጥተው ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ የተሻገሩ አሉ፤ በ1969 እና በ1970 ኦጋዴን የዘመቱም አሉ። ታዲያ እኛስ ለምን አንተክልም አልኩ። ከገበያው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ የሚወስደው መንገድ ራቁቱን ነበርና እሱን መረጥን።

መጀመሪያ የሰበሰብነው ችግኝም ገንዘብም አይደለም፤ ስም ነው። ማንም ይህን ቢያስብ በዚህ እንዲጀምር አጥብቄ እመክራለሁ። ገንዘቡ እኛ ውጭ ያለነው በቴሌግራም ተጠራርተን ስናዋጣ ብዙም ሳይቆይ ሞላ። ስሙ ግን ከሽማግሌ ሽማግሌ እየተዞረ የሚለቀም ነው፤ ሽማግሌ ደግሞ አይጠብቅም። አንዳንዱ ዘማች የሚታወሰው በፈረስ ስሙ ብቻ ነው፤ የአባቱን ስም ለማግኘት የክርስትና ልጁን ዘር መፈለግ ነበረብን። አንድ አስተማሪ የአጎቴ ልጅ ደብተር ይዞ በየእድሩና በየማኅበሩ ተቀመጠ፤ የሰማውን ስም ከሁለት የተለያዩ ቤቶች ካላረጋገጠ አይጽፍም። ይህ ሥርዓት ኋላ ላይ ከብዙ ጭቅጭቅ አድኖናል።

የስሙ ዝርዝር በእድር ስብሰባ ላይ ሲነበብ አንዲት ባልቴት ከኋላ እጃቸውን አነሡ።

«ልጄ፣ እናቴስ?»

«እማማ፣ እናትዎ ዘምተው ነበር?»

«ጠመንጃ አልያዘችም። ሌሊት ሌሊት ፈጭታ፣ ስንቁን በእንስራ ውስጥ አድርጋ፣ ውኃ የምትቀዳ መስላ ገደሉን ትወርድ ነበር። ጣሊያን ቢይዛት ሊምራት ነው?»

ቤቱ ጸጥ አለ። በዝርዝሩ ላይ አንዲት ሴት አልነበረችም። ከዚያ ቀን በኋላ ደብተሩ እንደገና ተከፈተ፤ ስንቅ አቀባይ፣ ቁስለኛ የደበቀች፣ ወሬ ያመጣች ሁሉ ገባች። የውስጥ አርበኛ ሲባል ሸዋረገድ ገድሌን አዲስ አበባ ያውቃታል፤ የገጠሯን ግን የሚያውቃት የልጅ ልጇ ብቻ ነው፣ እሱም ከጠየቁት ነው።

ከሁሉም የከበደው ወንድም ከወንድም የተዋጋባቸው ዘመናት ነገር ነበር። አንዱ ቤት በአንደኛው ወገን፣ ጎረቤቱ በሌላው ወገን ልጅ ቀብሯል። የእኔ ሐሳብ የውጭ ወራሪን በተዋጉት ብቻ እንወሰን የሚል ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ግን አልተቀበሉኝም። በመጨረሻ የወሰኑት እንዲህ ነው፦ ድንጋዩ ላይ ስም እንጂ የጦርነቱም የወገኑም ስም አይጻፍም። እናት ያለቀሰችለት ሁሉ ይተከልለታል። እኔ ሩቅ ሆኜ ልወስነው የማይገባ ነገር እንደነበር አሁን አምኜበታለሁ።

ወደ ችግኙ ልምጣ። ብዙ ሰው ባሕር ዛፍ ይሁን አለ፤ ቶሎ ይደርሳል። ባሕር ዛፍ ራሱ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ ስለሆነ ለታሪኩም ያምር ነበር። ነገር ግን ባሕር ዛፍ አገር ቤት አጣና ነው፤ ልጅ ሲዳር፣ ቤት ሲሠራ፣ ግብር ሲደርስ የሚቆረጥ ነው። ጽድና ወይራ ግን ከየደብሩ ግቢ ማንም አይነካቸውም። ስለዚህ ጽድ ተከልን፤ በየመካከሉ ወይራ፣ ውኃ በሚቋጥረው ቦታ ደግሞ ኮሶ። ዝግተኛ ናቸው። የሚፈለገውም ለልጅ ልጅ የሚደርስ ዛፍ ነው።

ጉድጓዱ በግንቦት ተቆፈረ፣ በደቦ፤ የላዩን ጥቁር አፈር ለብቻ አድርገን ከፍግ ጋር መልሰን ሞላነው። ተከላው ሐምሌ ላይ፣ መሬቱ ጠጥቶ ሲጠግብ ሆነ። ቄሶቹ ጸበል ረጩ፣ ስም ሲጠራ ቤተሰቡ ወጥቶ የራሱን ችግኝ ተከለ። ችግኙ ሲተከል ፕላስቲኩ ተቀድዶ መውጣት አለበት፤ ይህን የሚቆጣጠሩ ወጣቶች በየመስመሩ ቆመው ነበር፤ ከነፕላስቲኩ የተቀበረ ችግኝ ሥሩ ታንቆ በበጋ ይደርቃል።

ደጋ ላይ የችግኝ ጠላት ፀሐይ ብቻ አይደለም። ከጥቅምት ጀምሮ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፤ ጠዋት ሲታይ የጽዱ ጫፍ በነጭ ተሸፍኖ፣ ፀሐይ ሲነካው ይጠወልጋል። እማማ (እንስራውን የነገሩን) ማታ ማታ በደረቅ ሣር ዙሪያውን ሸፍነው ጠዋት ይገልጡት ነበር። ጎረቤት አይቶ ተከተላቸው፤ በዚያ መስመር ያሉት ከሌላው በተሻለ ጸድቀዋል። ለፍየል ደግሞ የቀጋ እሾህ አጠርን።

የጠበቃቸው ግን አጥር ወይም ዘበኛ አይመስለኝም። ለዘበኛ ደመወዝ እንቁረጥ የሚል ሐሳብ ነበር፤ እድሩ ግን እያንዳንዱን ዛፍ ለአንድ ቤት ሰጠ። ዘር ያልቀረለት ሰው ዛፍ ለትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል ተሰጠ። በበጋ ልጆች ጄሪካን ተሸክመው ሲሄዱ የሚሉት «ዛፍ ላጠጣ ነው» ሳይሆን «ለአያቴ ውኃ ላደርስ ነው» ነው።

የስም ሰሌዳ ነገርም አለ። ብረት ይነቀላል፣ የቆርቆሮ ቀለም በፀሐይ ይለቃል፣ እንጨት ምስጥ ይበላዋል። የአካባቢው ጠራቢ በጥርብ ድንጋይ ላይ ስሙን ቀረጸ። የዝርዝሩ አንድ ቅጂ በቤተ ክርስቲያን፣ አንዱ በእድሩ ሣጥን፣ አንዱ እኔ ዘንድ አለ። ሌላው ከችግኙ በፊት መጨረስ ያለበት ነገር የመንገዱ ወሰን ነው፦ ወደፊት መንገዱ ቢሰፋ ዛፎቹ እንዳይነሡ ከቀበሌው በጽሑፍ አስወስነን፣ ከመንገዱ ዳር ራቅ አድርገን ተከልን። አውስትራሊያ ውስጥ እንኳ በመንገድ ማስፋት የጠፉ እንዲህ ያሉ ዛፎች ጥቂት አይደሉም።

በመጪው ሐምሌ የደረቁት ይተካሉ፤ ደብተሩም አልተዘጋም። ከወንዙ ማዶ ያለው ጎጥ የራሱን ስም መልቀም ጀምሯል። ችግኙን ከእኛ ጣቢያ እንዲወስዱ ተስማምተናል፤ ጉድጓዱን ግን ግንቦት ሳያልቅ ይቆፍሩ።