ሰው ያለው

ዛሬ ደብሮኛል። የእንቅልፍ ማጣት ይሁን ያ ሰውዬ መሾሙን መስማቴ፣ እንጃ። የቱን እንደምል ታውቃላችሁ። «እንኳን ደስ አለህ» ብዬ ጻፍኩለት፣ አጠፋሁት፣ ደግሜ ጻፍኩት። ቅናት አይደለም። እሺ፣ ትንሽ አለበት። ግን ይበልጥ የከነከነኝ ሥራውን ሁሉ ተሸክሞ የኖረው ያ ሌላኛው ዘንድሮም እዚያው መቅረቱ ነው። ሰው የለውማ።

ከዚያ ሐሳቤ ሄዶ ሄዶ የሶቪየት ኅብረት መሪ በነበረው ቼርኔንኮ ላይ ተጣበቀ። ኋላ የሶቪየት መሪ የሆነው ብሬዥኔቭ በ1950 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) የሞልዶቫ ፓርቲ አለቃ ሆኖ ሲመደብ፣ እዚያ የፕሮፓጋንዳ ክፍል የሚመራ አንድ ካድሬ አገኘ፤ ቼርኔንኮን። ተግባቡ። ኋላ ሞስኮ አስመጣው። በ1965 የማዕከላዊ ኮሚቴው ጠቅላላ መምሪያ ኃላፊ ሆነ። ሥራው ወረቀት ነው። የትኛው ፋይል አለቃው ጠረጴዛ ላይ ይደርሳል፣ የትኛው ትንሽ ይቆያል፣ ያንን የሚያውቀው እሱ ነው። እንዲህ እንዲህ እያለ በ1984 አገሪቱን ራሷን አስረከቡት። 72 ዓመቱ ነበር፤ ሲናገር ትንፋሽ ያጥረዋል። በ13ኛው ወር ሞተ።

ሰዎች ይህን ሲሰሙ «ችሎታ የሌለው ተሾመ» ብለው ያልፉታል። እኔ ግን ከሿሚው ወንበር ሆኜ ሳየው ነገሩ ይገባኛል፣ ይህም ያናድደኛል። ጎበዝ ሰው ያስፈራል። ነገ ወንበርህን ቢመኝስ? አንተ ያወጣኸው ግን ካንተ በቀር ማንም የለውም። ስትወድቅ አብሮህ እንደሚወድቅ ስለሚያውቅ ሌሊትም ቢሆን ይጠብቅሃል። ስታሊን ይህን ቀድሞ ገብቶታል። በ1922 ዋና ጸሐፊ ሲሆን ሌሎቹ ንድፈ ሐሳብ ይከራከራሉ፣ እሱ ማን የት ይመደብ የሚለውን ዝርዝር ይዟል። ሌኒን «ከዚያ ቦታ አንሱት» ብሎ ማስጻፉ አልቀረም፣ ግን ዝርዝሩ ሥራውን ጨርሶ ነበር።

ደግሞ ውለታ ሁሌ አይሠራም። ሜክሲኮ ውስጥ ከ1929 እስከ 2000 በገዛው ፓርቲ ውስጥ፣ ለረጅም ጊዜ ተተኪውን የሚመርጠው ተሰናባቹ ፕሬዚዳንት ነበር። ጣቱን ይቀስራል፣ አለቀ። ፕሬዚዳንት ሳሊናስ መጀመሪያ የቀሰረበት ሰው በ1994 ሲገደል ዜዲዮን መረጠ። በዓመቱ፣ በዜዲዮ መንግሥት ዘመን፣ የሳሊናስ ታላቅ ወንድም ታሰረ። ወንበር ላይ እስክትወጣ ነው እንግዲህ «ጌታዬ»።

ታዲያ ምን ይሻላል? ፈተና? ፈተናውንም የሚያወጣው ሰው ነው፣ አራሚውም የሚያውቀው ሰው አይጠፋም። ድምፅ መስጠት? ዕጩዎቹን ማን አቀረባቸው?

ተናድጄ፣ እኔ ብሆንስ ብዬ ካቢኔ ማዋቀር ጀመርኩ። በችሎታ ብቻ። በዘመድ የለም፣ በጓደኛ የለም። ስጨርስ ዝርዝሩን አየሁት። ሁለቱ አብረውኝ የተማሩ ናቸው፣ አንዷ የእህቴ ጓደኛ ናት፣ የጤናውን ደግሞ ሳላስበው ለአክስቴ ልጅ ሰጥቼዋለሁ (ሐኪም እኮ ነው!)። የገንዘብ ሚኒስትሬ ከእኔ የተበደረውን እስካሁን አልመለሰም። ልሽረው ብዬ አሰብኩ። በቦታው የማምነው ሰው አጣሁ።