ጠረጴዛ ፍለጋ

ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ የወንጀል ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው። ሟቹ ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ ተገድሏል፤ ገዳዩ ግን እስከ ዛሬ ለእኔም አልታወቀኝም። ለሚጠይቀኝ ሁሉ ምክንያቴ አንድ ነው፦ ቤቴ ውስጥ ተረጋግቼ የምጽፍበት ጠረጴዛ የለኝም። እናም መስከረም ላይ ለሥራ ለንደን ሄጄ ሁለት ቀን ሲተርፈኝ፣ የእንግሊዛዊቷን የወንጀል ልብ ወለድ ደራሲ የአጋታ ክሪስቲን ጠረጴዛ በዓይኔ ልይ ብዬ ወደ ደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ ወደ ዴቨን ወረድኩ። አገሬ ሰማዩ ጠርቶ አደይ ሲፈነዳ እኔ ዝናብ ልፈልግ።

ከለንደኑ ፓዲንግተን ጣቢያ የተነሳው ባቡር ሦስት ሰዓት አለፍ ያለ ወሰደ። አብዛኛውን መንገድ ተኛሁ። ስነቃ ሐዲዱ ባሕሩን ታክኮ ይሄድ ነበርና ማዕበሉ መስኮቱን አልፎ የሚገባ መስሎኝ ደነገጥኩ።

አጋታ የተወለደችው ቶርኪ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ፣ ሴፕቴምበር 15 ቀን 1890 እ.ኤ.አ. ነው። ይህንን አውቅ ነበር። ያላወቅኩት በልደቷ ሰሞን ከተማው ፌስቲቫል እንደሚያዘጋጅላት ነው። አልጋ ጠፋ። መጨረሻ ላይ ያገኘሁት የእንግዳ ማረፊያ ጣሪያው ሥር ያለች ክፍል በ110 ፓውንድ ሰጠኝ። በብር ልመነዝር ጀመርኩና መሃል ላይ ተውኩት።

ሌሊቱን አልተኛሁም። አንድ የባሕር ወፍ ከራሴ በላይ ጣሪያው ላይ ወዲያና ወዲህ ሲንጎራደድ አደረ። ጩኸቱን እችለው ነበር፤ ያስመረረኝ የእግሩ ድምፅ ነው፤ ጭር፣ ጭር፣ ጭር። አጋታ፣ ከሞተች በኋላ በ1977 በታተመው ግለ ታሪኳ፣ የምትጠላቸውንና የምትወዳቸውን ነገሮች ዘርዝራለች። ከምትጠላቸው አንዱ የወፍ እግር ነው። ሳነበው ስቄ ነበር፤ ያን ሌሊት ግን አልሳቅኩም።

ዝርዝሩን በማስታወሻ ደብተሬ ገልብጬ ይዤው ነበር የሄድኩት። ትጠላለች፦ ግፊያ፣ ጮክ ብሎ ማውራት፣ የማያልቅ ወሬ፣ የሲጋራ ጭስ፣ የብርቱካን ማርማላታ፣ ለብ ያለ ምግብ፣ የደመነ ሰማይ፣ የትኩስ ወተት ሽታ። ትወዳለች፦ ፀሐይ፣ ፖም፣ ባቡር፣ የቁጥር እንቆቅልሽ፣ ባሕር ውስጥ መዋኘት፣ ዝምታ፣ እንቅልፍ፣ የቡና ሽታ። በወተቱ አልስማማም፤ በቡናው ግን እህቴ ነች። ጠዋት ማረፊያው ያቀረበልኝ ባቄላ ለብ ያለ ነበር፣ ሰማዩም ደምኗል፣ ቡናው ደግሞ ምንም አይሸትም። ቁርሱን ትቼው ብወጣም ሒሳቡ ላይ 12 ፓውንድ ተደምሮ አገኘሁት። ለምን ብዬ ብጠይቅ ልጅቷ «ቀርቦልዎታል እኮ» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ቀርቦልኛል።

ጠዋቱን ቶሬ አቢ በሚባለው ጥንታዊ ገዳም ግቢ አሳለፍኩ። እዚያ ከልብ ወለዶቿ የተቀዱ የመርዝ ተክሎች የተተከሉበት የአትክልት ቦታ አለ። አጋታ በአንደኛው የዓለም ጦርነት እዚሁ ከተማ በነርስነት፣ ኋላም በሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት ሠርታለች፤ የመርዝ ዕውቀቷ የመጣው ከዚያ ነው። የስንት ግራም ጉዳይ እንደሆነ፣ ምኑ ከምኑ ሲቀላቀል እንደሚገድል፣ በእጇ መዝና ያወቀችውን ነው የጻፈችው። ተክሎቹ መሃል ቆሜ የእኔን ሟች አሰብኩት። በመዶሻ ነው የሞተው። ለምን በመዶሻ እንደሆነ እኔ ራሴ አላውቅም፤ ያኔ መዶሻ ስለታየኝ ነው መሰለኝ።

ከሰዓት በኋላ ከፔይንተን በእንፋሎት ባቡር ተነስቼ የአጋታ ቤት ያለበት ግሪንዌይ ወረድኩ። ከጣቢያው እስከ ቤቱ ግማሽ ሰዓት ያህል በጫካ ውስጥ ይኬዳል፤ ጫማዬ ጭቃ ጠጥቶ ደረስኩ። ዳርት ወንዝን ቁልቁል የሚያይ ነጭ ቤት ነው። አጋታና አርኪዮሎጂስት ባሏ ማክስ ማሎዋን በ1938 በ6,000 ፓውንድ ገዙት።

በሩ ላይ የተቀበሉኝን አዛውንት አስጎብኚ ሰላም እንኳ በቅጡ ሳልላቸው «ጠረጴዛዋ የት ነው?» አልኳቸው። ፈገግ አሉ። ጥያቄውን ለምደውታል።

የለም። ግሪንዌይ የእረፍት ቤቷ ነበር፤ የተጻፈውን እዚህ ለቤተሰቡ ታነባለች እንጂ ብዙም አትጽፍም። ሌላም ቦታ ቢሆን የምትፈልገው የማይነቃነቅ ጠረጴዛና የጽሕፈት መኪና ብቻ ነበር። መኝታ ቤት ያለች እብነ በረድ የለበሰች የፊት መታጠቢያ ጠረጴዛ ወይም በምሳና በእራት መሃል ባዶ የሆነ የምግብ ጠረጴዛ ይበቃታል። ጋዜጠኞች «በሥራ ላይ እንዳሉ ፎቶ እናንሳዎት» ሲሏት የት ልቀመጥ ብላ ትጨነቅ ነበር አሉ። አዛውንቱን አመሰገንኩ፣ ግን ተናድጄ ነበር። ስንት ፓውንድ ከስክሼ መጥቼ!

ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ንዴቴ በረደልኝ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቤቱን የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጠባቂዎች ይዘውት ነበር፤ አንዱ መኮንን የዘመቱበትን ታሪክ በግድግዳው ዙሪያ ሥሎበታል። ቤቱ ሲመለስላት ሥዕሉን እናጥፋልሽ ቢሏት ታሪክ ነው ብላ እንዲቀር አደረገች። የሠሯቸውን 14 መጸዳጃ ቤቶች ግን እንዲያነሱላት ከባሕር ኃይሉ ጋር ተሟግታለች። አሥራ አራት! ሠፈሬ ውስጥ አንዱን ለስንት አባወራ እንደምንካፈል ባውቅም ቁጥሩን እዚህ አልጽፈውም።

ፎቅ ላይ ሁለት ጎብኚዎች አጋታ በ1926 ለ11 ቀናት ስለጠፋችበት ጉዳይ ጮክ ብለው ይከራከራሉ። ስድሳ ስድስት የወንጀል ልብ ወለድ የጻፈችን ሴት በዚያች አንድ ሳምንት ተኩል ብቻ የሚያነሳት ሰው ያበሳጨኛል። ጥያቸው ወረድኩ።

ሻይ ቤቱ ውስጥ አንዲት አሮጊት ከጠረጴዛቸው ጋበዙኝ። ስኮን የሚሉትን ትንሽ ዳቦ፣ ቅቤ ይሁን እርጎ ያልለየለት ወፍራም ክሬምና የእንጆሪ ማርማላታ አዝዤ ነበር። ማርማላታውን አስቀድሜ ልቀባ ስል እጄን ያዙኝ። በዴቨን ክሬሙ ይቀድማል፤ ማርማላታ የሚያስቀድሙት ጎረቤቶቻቸው ኮርንዎሎች ናቸው። አጋታም አልኮል የማትቀምስ ሴት ስትሆን፣ ሌላው ወይን በሚጠጣበት ሰዓት እሷ ክሬም ትጠጣ ነበር። ቀመስኩት። ፈረድኩላት።

ስመለስ ወንዙ ዳር አንድ ደወል አየሁ፤ ሲደወል ጀልባ ይመጣል። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ ማለፍ አልችልም፤ ደወልኩ። ጀልባው መጣ፣ ገባሁ፣ ተሻገርን። ማዶ ዲቲሸም ስንደርስ ባለ ጀልባው ወዴት እንደምሄድ ጠየቀኝ።

«ቶርኪ» አልኩት።

ሰውየው የመጣንበትን ዳርቻ በአገጩ አሳየኝና «እሱማ ከኋላህ ነው» አለኝ። እየሳቀ መለሰኝ፤ የመመለሻውን ሒሳብ ሊቀበለኝ አልፈለገም።

ማታ ያ ወፍ ጣሪያው ላይ ጠበቀኝ። ጭር፣ ጭር። መብራቱን አብርቼ አልጋው ላይ ደብተሬን ጉልበቴ ላይ አስደገፍኩና፣ ሊነጋጋ ሲል መዶሻውን ሰረዝኩት።